መጽሐፍ ይቆለፍ ወይስ ይውጣ?

ባለፈው የትምህርት ወቅት መጨረሻ ላይ የካምፓችን ቤተ መጻሕፍት ሲቆጠር በውሰት ከወጡት መጻሕፍት ብዙዎቹ አልተመለሱም። በዚህ የተነሳ በመምህራን ስብሰባ ላይ «ከእንግዲህ መጽሐፍ ከበር አይውጣ፣ እዚያው ተነቦ እዚያው ይቀመጥ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ገና አልተወሰነም። እኔ የማስተምረው ታሪክ ስለሆነ ነገሩን በዚያ በኩል ላየው ፈለግሁ። ጣጣው በኛ አልተጀመረማ! (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዮናስ የተላከባትን ነነዌን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቃታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት እዚያ የነገሠው የአሦር ንጉሥ አሹርባኒፓል በሸክላ ላይ የተቀረጹ ጽሑፎችን ከየቦታው ያሰባስብ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ተቆፍረው ሲወጡ ስብርባሪው ጭምር ወደ 30,000 ደረሰ። በብዙዎቹ መጨረሻ የንጉሡ ስም አለ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ እርግማን ተጨምሯል። ጽሑፉን የወሰደ ወይም የንጉሡን ስም አጥፍቶ የራሱን የጻፈ ሰው ስሙና ዘሩ ከምድር ይጥፋ የሚል ነው። ያን ሁሉ ጦር ያዘዘ ንጉሥ የመጽሐፍ ሌባ አስቸግሮት በአማልክት ሲያስፈራራ ይታያችሁ።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣም ያው ነው። በየገዳማቱ ባሉ የብራና መጻሕፍት ላይ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። «የፋቀው» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ብራና ቆዳ ስለሆነ የባለቤቱን ስም በቢላ ፍቆ ሌላ ስም መጻፍ ይቻላል። እኛጋስ? ከጠፉት መጻሕፍት አንዳንዶቹ በኋላ ገበያ ላይ ሲገኙ ማኅተም ያለበት የመጀመሪያው ገጽ ተገንጥሎ ነው። በአሹርባኒፓልና በኛ መካከል 2,600 ዓመት አለ፣ የሌባው ዘዴ ግን አንድ ነው።

መጽሐፍን የሚያጠፋው ሰው ብቻም አይደለም። የገዳሙ ሰዎች ብራናውን ማኅደር በሚባለው የቆዳ ከረጢት ከተው በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። መሬት ላይ ከዋለ አይጡም እርጥበቱም አይምረውም። የኛ ጠላት ምስጥና አቧራ ነው። መደርደሪያውን በድንጋይ ላይ ያቆምነው ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ መቆለፉ ልግባ። እንግሊዝ አገር ሄሪፎርድ በምትባል ከተማ ካቴድራል ውስጥ መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ በብረት ሰንሰለት እንደታሰሩ አሉ። መደርደሪያው የተሠራው በ1611 ነው። ሰንሰለቱ የሚያያዘው በመጽሐፉ ጀርባ ሳይሆን በፊት ለፊቱ የሽፋን ጠርዝ ላይ ስለሆነ መጻሕፍቱ የሚደረደሩት ጀርባቸው ወደ ውስጥ ዞሮ ነው። ርዝመቱም ታስቦበታል፤ እታች ካለው ጠረጴዛ ይደርሳል፣ ከዚያ አያልፍም። እውነቱን ለመናገር ዘዴው ሠርቷል። መጻሕፍቱ አሉ። ግን እነማን ነበሩ የሚያነቡት? ጊዜ የነበራቸው፣ ኑሯቸው እዚያው የሆነ ካህናት ናቸው። እኛጋ ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው ቀን ነው። ቀን ደግሞ ሴት ተማሪዎቻችን የውሃ ወረፋ ላይ ናቸው፣ ራሽን የሚታደል ቀን ከሆነማ ጭራሽ አይታዩም። እነሱ የሚያነቡት ማታ እቤታቸው፣ ታናናሾቻቸው ከተኙ በኋላ ነው። መጽሐፉን በሰንሰለት ካሰርነው ያሰርነው ከነሱ ነው። ወንዶቹማ ቢያንስ ከሰዓት በኋላ መጥተው ይቀመጣሉ።

ደግሞስ የተቆለፈ ሁሉ ተረፈ ያለው ማነው? ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናትና ከሌላም ቦታ ብዙ መጻሕፍት አሰባስበው መቅደላ አምባ ላይ አኖሩ። ከአምባ የበለጠ ቁልፍ የለም። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ግን አንድ ቦታ የተከማቸው መጽሐፍ ባንድ ጊዜ ተዘርፎ በዝሆንና በበቅሎ ተጫነ። 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን ባለው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የቲምቡክቱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በ2012 ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙ እጅግ ብዙ ጥንታዊ ጽሑፎች የተረፉት በቤተሰቦች እጅ ተበትነው ስለነበርና ሰዎች በሣጥን እያደረጉ በድብቅ ወደ ባማኮ ስላሻገሯቸው ነው። በጥር 2013 የተቃጠሉት በአንድ ተቋም ሕንፃ የቀሩት ናቸው። ባማኮ ሲደርሱም ጣጣው አላለቀም፤ የበረሃውን ደረቅ አየር የለመደ ወረቀት እርጥበት ገጠመው።

ሌላም ዘዴ አለ፤ መገልበጥ። ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ብዙዎቹን አሜሪካ ሆነው መርምረው ዝርዝራቸውን ያወጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በ1975 በጥይት ተመትተው ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰው ነበሩ። እኛ ማይክሮፊልም የለንም። ደብተርና እስክሪብቶ ግን አለን፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን የፊዚክስ መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ ተከፋፍሎ መገልበጥ ይቻላል። ሳልጨርሰው በቀረሁት ዩኒቨርሲቲ የፈተና ሰሞን ገጹ የተገነጠለ መጽሐፍ እያጋጠመን እንዲሁ በጽሑፍ ነበር የምንቀባበለው።

ስለ መዝገቡም አንድ ነገር ልበል። መጽሐፍ ጠፋ የሚባለው አንዳንዴ ስላልተገኘ ነው። «ፀሐይ»ን አንዱ በ«ጸ» ሌላው በ«ፀ» ይጽፈዋል፣ «ሐ» እና «ሀ»ም እንደዚያው። ፈረንጆቹ ደራሲን በቤተሰብ ስም ይመዘግባሉ፣ እኛ በራሱ ስም ነው የምንጠራው። ከውጭ ተለግሶ የመጣው መዝገብ ጌታቸውን ኃይሌ ብሎ ይጽፍና ተማሪው «ጌ» ላይ ሲፈልግ ይውላል።

ኬንያ ውስጥ፣ የዳዳብ ካምፖች በሚገኙበት በጋሪሳ፣ በ1996 የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በሦስት ግመሎች ሥራ ጀመረ። ሣጥንና ድንኳን ተጭኖ ከመንገድ ርቀው ወዳሉት አርብቶ አደሮች ይሄዳል። አንባቢው ወደ መጽሐፉ መምጣት ካልቻለ መጽሐፉ ይሂድ ነው ነገሩ።

ስለዚህ ለስብሰባው የማቀርበው ይህ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ እዚያው ይነበብ። ሦስትና ከዚያ በላይ ያለው ይውጣ፤ በየብሎኩ አንዲት የክፍል አለቃ በስሟ ፈርማ በሣጥን ትውሰድ፣ በሁለት ሳምንት ትመልስ። ማኅተሙ ደግሞ በመጀመሪያው ገጽ ብቻ ሳይሆን በ17ኛውም ላይ ይመታ። ማኅተሙም ቀለሙም ቢሮ ስላለ ለዚህኛው እንኳ ስብሰባ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነገ ከሰዓት በኋላ ሁለት ተማሪ ካገኘሁ እጀምራለሁ።