ቀንበርና ዲፈረንሻል፦ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል ታሪክና የዕለት ተሽከርካሪ ምርጫ



የዛሬው ርዕሴ ለታሪክ መምህር እንግዳ እንደሚመስል አውቃለሁ። መነሻው ግን ከሙያችን የራቀ አይደለም። ከዓመታት በፊት፣ በክረምት፣ የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ ከተማሪዎቼ ጋር ወደ ገጠር ስንጓዝ መኪናችን ዋልካ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። አንዱ የኋላ ጎማ ቦይ ውስጥ ገብቶ ያለ ፋታ ይሽከረከራል፤ ሌላው ደረቅ ድንጋይ ላይ ሆኖ ንቅንቅ አይልም። ከፊትም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ሊረዱን የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ሁኔታውን ካስተዋሉ በኋላ «መቆሚያ ያገኘው ዝም ብሎ፣ መቆሚያ ያጣው ለምን ይለፋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ይህ ንግግር ለእሳቸው ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

በቅድሚያ ዲፈረንሻል ለምን እንደ ተፈጠረ እንመልከት። ተሽከርካሪ ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የረዘመ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ግትር ዘንግ ከተያያዙ አንዱ የግድ ይንሸራተታል፤ ጎማ ያልቃል፣ ዘንግ ይጨነቃል፣ መኪናውም ለመታጠፍ ያስቸግራል። ፈረንሳዊው ሰዓት ሠሪ ኦኔሲፎር ፔክዌር በ1820ዎቹ መጨረሻ ለእንፋሎት ተሽከርካሪ ያቀረበው መፍትሔ፣ ሁለቱ ጎማዎች ከአንድ ሞተር ኃይል እየተቀበሉ በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ የጥርሶች ቅንብር ነበር (የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርሌይ በ1877 በኮቨንትሪ ለባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ተጠቀመበት። ካርል ቤንዝም በ1886 የፈጠራ መብት ባገኘበት አውቶሞቢል ላይ አዋለው።

የዚህን መሣሪያ ጠባይ ለማስረዳት ከቀንበር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ቀንበር መካከሉ ላይ በምራን ከሞፈሩ ጋር ይታሰራል። ሁለቱ በሬዎች እኩል እስከ ሳቡ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንዱ ከለገመ ግን የብርቱው ጉልበት ቀንበሩን ያጣምመዋል እንጂ ማረሻውን ወደ ፊት አይስበውም። ዲፈረንሻልም እንዲሁ ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ጉልበት ያካፍላል፤ የሚያካፍለው ግን ደካማው ሊሸከም በሚችለው ልክ ነው። ጭቃ ላይ ያለው ጎማ መሬት መቆንጠጥ ካልቻለ፣ ድንጋይ ላይ ላለውም የሚደርሰው ያንኑ ያህል ኢምንት ጉልበት ነው። ለአዛውንቱ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ የቆመው ጎማ ድርሻ በጓደኛው ድካም ተወስኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት መፍትሔዎች ሁሉ ይህን ጉድለት ለማረም የታሰቡ ናቸው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የተወለደው ከተለየ ባለጉዳይ ፍላጎት ነው፤ የዛሬውም ምርጫችን ይህን ሲረሳ ይሳሳታል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ባለጉዳይ የእሽቅድድም ነጂ ነው። በ1930ዎቹ ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፋቸው የአውቶ ዩኒየን መኪኖች ጉልበት እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ በከፍተኛ ፍጥነት እንኳ አንዱ የኋላ ጎማ በከንቱ ይሽከረከር ነበር። ዜድ ኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የጎማዎቹን የፍጥነት ልዩነት በከፊል የሚገድብ ዲፈረንሻል ሠራለት። የዚሁ ኩባንያ ተመሳሳይ መሣሪያ በጦርነቱ ዘመን ኩቤልቫገን በተባለችው ቀላል የጦር መኪና ውስጥ ገባ፤ መኪናዋ በኋላ ጎማዎች ብቻ የምትነዳ ሆና ሳለ ጭቃና አሸዋ እንድትሻገር አገዛት።

ሁለተኛው ወታደሩ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ወታደራዊ ካሚዮኖች ላይ የዋለው፣ በኋላም ዲትሮይት ሎከር በሚል ስም የታወቀው መሣሪያ ነጂውን ፈቃድ አይጠይቅም። ሞተሩ ሲስብ ሁለቱን ጎማዎች ያስራል፤ በመታጠፊያ ላይ ፈጥኖ የሚዞረውን የውጭ ጎማ ለጊዜው ይለቀዋል። ጠንካራና አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ሲይዝና ሲለቅ ይንጓጓል፣ መኪናውንም ይገፋል።

ሦስተኛው ገበሬው ነው። ከ1948 ጀምሮ በጀርመን የተመረተው ዩኒሞግ የጎማዎቹ ስፋት ከሁለት የድንች ትልሞች ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ተነደፈ። የፊቱም የኋላውም ዲፈረንሻል በነጂው ፈቃድ ይቆለፋል፣ ይፈታልም። ገበሬው ማሳ ውስጥ ይቆልፋል፤ ወደ ገበያ ሲወጣ ይፈታል። አንድ ተሽከርካሪ የጭቃም የመንገድም ባለሟል እንዲሆን ከተፈለገ ሐሳቡ ከዚህ የጠራ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ቬርነን ግሊስማን የተባለ አሜሪካዊ በ1958 በጥርሶች መፋተግ ብቻ የሚሠራ ቶርሰን የተባለ መሣሪያ አስመዘገበ። ይህ ዲፈረንሻል መሬት ለቆነጠጠው ጎማ ከሌላው ብዙ እጥፍ ጉልበት ይሰጣል። ሆኖም አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል የዜሮ ብዙ እጥፍ ዞሮ ዞሮ ዜሮ ነው። በመሆኑም መሣሪያውን በሚጠቀመው ሃምቪ የሚነዱ ወታደሮች ነዳጅና ፍሬን አብረው እንዲረግጡ ይሠለጥኑ ነበር፤ ፍሬኑ ለተንጠለጠለው ጎማ ሰው ሠራሽ ሸክም ይሆንለታልና። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአውስትራሊያው ኤ አር ቢ በታመቀ አየር የሚቆለፍ ዲፈረንሻል ለገበያ አቀረበ። ቶዮታም በ1990 በወጣው ላንድ ክሩዘር 80 ላይ በኤሌክትሪክ የሚቆለፍ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል እንደ አማራጭ ሰጠ። በእነዚህ አማካይነት የገበሬው ሐሳብ ለመንገደኛው ደረሰ።

ወደ ምርጫው እንመለስ። በየዕለቱ አስፋልት ላይ የሚነዳ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ጭቃ የሚያገኘው መኪና የማን ወራሽ ይሁን? አንዳንድ ሰዎች የዲፈረንሻሉን ጥርሶች በብየዳ በማጣበቅ ርካሽ መፍትሔ ያገኙ ይመስላቸዋል። ያደረጉት ግን ከፔክዌር በፊት ወደ ነበረው ግትር ዘንግ መመለስ ነው። የወታደሩ መሣሪያ ብዙ ጊዜውን ከመንገድ ውጭ ለሚያሳልፍ መኪና ይስማማል፤ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ግን ድንገት መያዙና መልቀቁ ልምድ የሌለውን ነጂ ለአደጋ ያጋልጣል። የእሽቅድድሙ ዓይነት ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ሰበቃ የሚፈጥሩት ሳህኖቹ እያለቁ ይሄዳሉ፣ ጎማ ሲንጠለጠልም እምብዛም አይረዳም። በዘመናዊ መኪኖች ላይ የሚገኘው፣ የሚሽከረከረውን ጎማ በራሱ ፍሬን የሚይዝ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ለአጭር መሰናክል በቂ ነው፤ በረጅም ጭቃ ግን ፍሬኑ ይግላል፣ ጉልበትም ይባክናል።

እኔ የመረጥሁት የገበሬውን መንገድ ነው፤ በነጂው ፈቃድ የሚቆለፍ፣ ያውም በቅድሚያ የኋላውን ብቻ። ዳገት ሲወጣ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚያደላ የበለጠ የሚስበው የኋላው ነው፤ የፊቱ ሲቆለፍ ደግሞ መሪ እጅግ ይከብዳል። ይህም ቢሆን ዋጋ አለው። የአየሩ ቱቦ ሊያፈስ፣ የኤሌክትሪኩ ሞተር ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ቀርቶ ሊደርቅ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው የነጂው መርሳት ነው። ጭቃውን ተሻግሮ ሳይፈታ አስፋልት የገባ ሰው ጎማውን ይበላል፣ ዘንጉን ያስጨንቃል፣ መታጠፊያ ላይም መኪናው ቀጥ ብሎ ሊሄድበት ይችላል።

ይህ ቁልፍ ያለው መኪና ከያዝሁ በኋላ የቆለፍሁባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በቀሩት ቀናት ሁሉ የነዳሁት የፔክዌርን ያልተቆለፈ ዲፈረንሻል ነበር። ስለዚህ ለዕለት መኪና መቆለፊያ ስትመርጡ፣ «ሲቆለፍ ምን ያህል ይይዛል?» ከማለታችሁ በፊት «ሲፈታ ፈጽሞ ይፈታልን? የሚፈታውስ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አዛውንቱ ገበሬም ማረሻውን ካሳረፉ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርጉት በሬዎቻቸውን ከቀንበር መፍታት ነው።