የበጋ ቲማቲም፣ የአርሲ ስንዴ እና የቤታችን ፓስታ



በበጋ ወራት አሰላ ገበያ ላይ ቲማቲም ረከስ ሲል በብዙዎቻችን ቤት ምሳው ፓስታ በቲማቲም ይሆናል። ቶሎ ይደርሳል፣ ልጆች ይወዱታል፣ ሥጋና ቅቤ ካልገባበት ደግሞ ለጾም ይሆናል። «የፈረንጅ ምግብ» እያልን ነው የምንበላው። እኔ ግን ታሪኩን ስከታተለው አንዱ ጫፍ እዚሁ አርሲ ማሳ ላይ አገኘሁት። እዚያው ማሳ ላይ ያጣነው ነገርም አለና ለእናንተ ላካፍል ወደድኩ።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንይ። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ሱጎ፣ ሳልሳ፣ ፉርኖ ዱቄት፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ምግቡ በአገራችን የተስፋፋው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ ጋር ተያይዞ ነው። ወራሪው ተባሮ ሲወጣ ፓስታው በሆቴሎችና በከተማ ቤቶች ቀረ። እኛም በርበሬና ቃሪያ ጨመርንበት፣ አንዳንዴም በእንጀራ ጠቅልለን በላነው።

ሆኖም ጣሊያኖችም ቢሆኑ ቲማቲምን የተቀበሉት ከሌላ ነው። የቲማቲም ትውልድ አገር ደቡብ አሜሪካ ሲሆን አውሮፓ የገባው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ፓስታ ከዚያ በፊት የቆየ ነው። አል-ኢድሪሲ የተባለው የአረብ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1154 በጻፈው መጽሐፍ በሲሲሊ ደሴት ደረቅ ፓስታ ተሠርቶ በመርከብ ወደ ሌሎች አገሮች እንደሚላክ ገልጿል። ፓስታና ቲማቲም በአንድ ሳህን ከተገናኙ ግን ከጥቂት መቶ ዓመታት አይበልጥም። ስለዚህ ይህን ምግብ ከሌላ ተቀብሎ የራሱ ያደረገ ሕዝብ እኛ ብቻ አይደለንም።

አሁን ወደ ስንዴው ልምጣ። ጥሩ ፓስታ የሚሠራው ከማንኛውም ስንዴ አይደለም። ፍሬው ጠንካራ የሆነ፣ ዱረም የሚባል ስንዴ ያስፈልገዋል። የግብርና ባለሙያዎቻችን «የመኮሮኒ ስንዴ» ይሉታል። ይህ ስንዴ ለኢትዮጵያ ደጋ እንግዳ አይደለም። ጣሊያን ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ገበሬዎቻችን ሲዘሩት ኖረዋል። ሴቶቻችንም ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ቂንጬና ድፎ ዳቦ ሠርተውበታል። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ዝነኛ የሩሲያ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴ ዘር ሰብስቧል። ባየው የዓይነት ብዛት ተደንቆ፣ አገራችንን የዓለም ሰብሎች መነሻ ከሆኑት ጥቂት ሥፍራዎች መካከል ቆጥሯታል። ፍሬው ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደላውና «ጥቁር ስንዴ» የምንለው ከእነዚህ ነባር ዓይነቶች አንዱ ነው።

ታዲያ አርሲ የስንዴ አገር ሆና ሳለ ይህ ስንዴ ከገበያችን ለምን ሳሳ? መልሱን ለማግኘት ወደ 1960 ዓ.ም. መመለስ አለብን። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ሥራ ጀመረ። ዋና መቀመጫውም አሰላ ነበር። ካዱ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለገበሬው አቀረበ፤ ቁሉምሳ ላይም ዘር እየሞከረ አባዛ። ምርት በእርግጥ ጨመረ። ነገር ግን ማዳበሪያ ሲያገኝ አብዝቶ የሚሰጠው የዳቦ ስንዴ ስለነበር፣ ማሳው ቀስ በቀስ ለእርሱ ተለቀቀ።

ትርፉ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ስንዴ አዋጭ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተፈናቀሉ። ጭሰኝነት የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ እንደመሆኔ ገቢና ወጪ ጎን ለጎን ማየት ልማዴ ነው። በዚያ ዘመን መዝገብ በገቢው በኩል በኩንታል የጨመረው ምርት አለ። በወጪው በኩል ደግሞ የተፈናቀለው ቤተሰብና ከእርሱ ጋር የተበተነው ዘር መጻፍ አለበት። ዘር የምትመርጠው፣ የምታበጥረው፣ በጎተራ የምታስቀምጠው ሴቷ ስለሆነች፣ ቤተሰብ ከማሳው ሲነሳ የእርሷ ዕውቀትም አብሮ ይነሳል።

በአንድ ዓይነት ዘር ላይ መደገፍ ምን እንደሚያስከፍል በእኛም ዕድሜ አይተናል። «ኩብሳ» የተባለው የዳቦ ስንዴ ብዙ ማሳ ይዞ ሳለ በ2002/03 ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ መታው። እርሱን የተካው «ዲጋሉ» ደግሞ በ2006 ዓ.ም. በአርሲና በባሌ በግንድ ዋግ ተጎዳ። የነባር ዘሮች ብዛት የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቆማል።

ጎረቤታችን ባሌ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሌላ መንገድ ሞክሯል። በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ ገበሬዎች በማኅበራቸው አማካይነት የመኮሮኒ ስንዴ አምርተው ለፓስታ ፋብሪካዎች ማቅረብ ጀመሩ። ከእኛ የማይርቅ ምሳሌ ነውና ልብ እንበለው።

ቲማቲሙም ከእኛ የራቀ አይደለም። የባቱና የመቂ ገበሬዎች በዝዋይ ሐይቅ ውኃ ያለማሉ። ሐይቁን ከሚመግቡት ሁለት ዋና ወንዞች አንዱ ከጭላሎና ከጋላማ ተራሮች የሚወርደው ከታር ነው። የዝናባችን ውኃ ቆላ ወርዶ ቲማቲም ሆኖ ይመለስልናል ማለት ነው። በየሱቁ የምናውቀው የመርቲ ሳልሳም ስሙን ያገኘው በዚሁ በአርሲ ቆላ፣ በአዋሽ ዳር ካለችው መርቲ ነው።

አሁን ወደ ድስቱ እንሂድ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በፓስታው ማሸጊያ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ትንሽ ይጨመርበት። ከዳቦ ስንዴ የተሠራ ፓስታ ቶሎ ይላቁጣልና ውኃው ብዙ ይሁን፣ አውጥታችሁም ቅመሱት። በሌላ ድስት ነጭ ሽንኩርት በዘይት ለአንድ አፍታ ብቻ አቁላሉ። የበሰለ ቲማቲም ከትፋችሁ ጨምሩ፤ ጨውና የተከተፈ ቃሪያ አክሉ። ከ10 ደቂቃ በላይ አታቆዩት፤ ትኩስ ቲማቲም ጣዕሙ ያለው ከራሱ ውኃ ውስጥ ነው። ፓስታውን ከነጠብጣቡ ገልብጡበትና አዋሕዱት።

እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በየቤታችን ጥቁር ስንዴን፣ ነባር የስንዴ ስሞችንና የትኛው ለቂንጬ፣ የትኛው ለዳቦ እንደሚሆን የሚያውቁ እናቶችና አያቶች አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባችን እያንዳንዳችን ከአንዲት እናት የሰማነውን ጽፈን እንምጣ። ስሙን፣ ቀለሙን፣ የት ይዘራ እንደነበረ፣ አሁን ዘሩ በማን እጅ እንዳለ። እኔ በመዝገብ አሰናዳዋለሁ። ዘሩ ከተገኘ ከአባሎቻችን መካከል ማሳ ያላቸው በጥቂት መደብ ይሞክሩት፤ ካልተገኘም ቢያንስ ስሙ አይጥፋ።