ከኬፕታውን እስከ ዊምብልደን፦ የሲቲ ስካን አነሣሥ

ስለ ሲቲ ስካን አፈጣጠር ሲወራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው የቢትልስ ወሬ ነው። ማሽኑን የሠራው ኢኤምአይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የቢትልስን ሸክላዎች የሚያሳትም ስለ ነበር፣ ገንዘቡ ከዘፈን የመጣ ነው ይባላል። ለጆሮ ይጥማል፤ መዝገቡ ግን እንዲያ አይልም። ኩባንያው ከካዝናው ማውጣቱ አይካድም፤ ትልቁን ድርሻ የሸፈነው ግን የብሪታንያ የጤናና የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ነው፤ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ማለት ነው። ወሬው ሌላም ነገር ጋርዷል። ታሪኩ ለንደን ላይ አይጀምርም፤ ጥያቄውም መጀመሪያ የመጣው ከራጅ ክፍል ሳይሆን ከጨረር ሕክምና ክፍል ነው።

በ1955 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኬፕታውን የግሩት ስኪር ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሙያ ሥራውን ለቀቀ። የደቡብ አፍሪካ ሕግ ሆስፒታል ውስጥ በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ሲሠራ ብቁ ባለሙያ እንዲቆጣጠር ያስገድድ ነበርና፣ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው አላን ኮርማክ በሳምንት አንድ ቀን ተኩል እየሄደ ቦታውን እንዲሸፍን ተደረገ። እዚያ ያየው ነገር ከነከነው። በዕጢው ላይ የሚያርፈው የጨረር መጠን ሲሰላ፣ የሰው አካል ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነገር እንደ ሆነ ይቆጠር ነበር። አጥንት፣ ሳንባና ጡንቻ ግን ጨረርን እኩል አያስቀሩም። ታዲያ የውስጡን ልዩነት ሳይከፍቱ፣ ከውጭ በመለካት ብቻ ማወቅ ይቻላል?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አካልን ሰንጥቆ የወጣ ጨረር በመንገዱ ምን ያህል እንደ ተቀነሰ ይናገራል፤ የት እንደ ተቀነሰ ግን አይናገርም። ተራ ራጅ የፊቱንና የኋላውን በአንድ ላይ ደርቦ የሚያሳየን ለዚህ ነው። ያንኑ አካል ከብዙ አቅጣጫ ከለኩት ግን ድምሮቹን አጋጥሞ እያንዳንዱ ነጥብ ስንት እንዳስቀረ ማስላት ይቻላል። ኮርማክ ስሌቱን ራሱ አወጣና በ1957 ሞከረው፦ ዙሪያውን እንጨት የከበበው የአሉሚኒየም ክብ፣ በአንድ ወገን የኮባልት 60 ጋማ ጨረር፣ በሌላው ወገን መለኪያ። ውጤቱ ሠመረ፤ መሐል ላይ ያሉ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ከመስመራቸው ትንሽ ፈቀቅ ብለው ተገኙ። የብረታ ብረት ወርክሾፑ ሲጠየቅ፣ ክቡ መሐል ላይ ጨረር የማስቀረት አቅሙ በጥቂቱ የሚያንስ ሌላ ቁራጭ ተሰክቶበት ኖሯል። የሲቲ ስካን ልደት የት ነው ብባል፣ ብዙዎች ከሚጠቅሱት፣ የመጀመሪያዋ ታማሚ ከተነሣችበት የ1971 ቀን ይልቅ ይህችን ቁራጭ እመርጣለሁ። ሠሪው ያልነገረውን፣ ዐይን ያላየውን ነገር ስሌት አጋልጧልና።

ኮርማክ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ በ1963 እና በ1964 ሥራውን በሁለት ጽሑፎች አወጣ። ሰሚ አላገኘም ማለት ይቻላል። ቅጂ ከጠየቁት ጥቂቶች መካከል ራሱ ኋላ እየሣቀ የሚያነሣው አንዱ የስዊዘርላንድ የበረዶ ናዳ ምርምር ተቋም ነበር፤ በተራራ ላይ የተቆለለ በረዶ ያሳስበዋል።

በዚሁ ዘመን ሎስ አንጀለስ ውስጥ የነርቭ ሐኪሙ ዊልያም ኦልደንዶርፍ ሌላ ሙከራ ይዞ ነበር። በፕላስቲክ ውስጥ ሚስማሮች ደርድሮ፣ በመጫወቻ ባቡር ሐዲድና በሰዓት ሞተር እያንቀሳቀሰ በጋማ ጨረር ለካቸው። ፓተንቱን በ1963 አገኘ። የራጅ መሣሪያ አምራች ግን ጭንቅላትን ቆርጦ ከማሳየት ሌላ ለማይጠቅም ውድ ዕቃ ገበያ አይታየኝም ብሎ መለሰው።

ገበያውን ያመጣው የገበሬ ልጅ የነበረው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል ራዳር ተምሯል፤ በኢኤምአይ ደግሞ ኢሚዴክ 1100 የተባለውን ኮምፒውተር የሠራውን ቡድን መርቷል። በ1967 ወደ ጉዳዩ የገባው የኮርማክን ጽሑፎች ሳያውቅ ነው። የመጀመሪያ ማሽኑን የሠራው በአሮጌ የቶርኖ አልጋ ላይ ሲሆን፣ የጨረር ምንጩ አሜሪሲየም ነበር። ምንጩ ደካማ ስለሆነ አንድ ምስል ለማንሣት 9 ቀን ፈጀ፤ የተለቀሙትን 28 ሺህ ያህል ልኬቶች ኮምፒውተሩ ለመፍታት 2 ሰዓት ተኩል ወሰደበት። በራጅ ቱቦ ሲተካው 9 ቀኑ ወደ 9 ሰዓት ወረደ። በፎርማሊን የተቀመጠ የሰው አንጎል አንሥቶ ነጩንና ግራጫውን ክፍል ለይቶ ሲያየው ተስፋ አደረገ፤ ኋላ ግን ፎርማሊኑ ልዩነቱን አጋኖት እንደ ነበር ታወቀ።

ያም ሆኖ ጥቅምት 1 ቀን 1971 በዊምብልደን፣ በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል፣ የራጅ ሐኪሙ ጄምስ አምብሮዝ አንዲት የአንጎል ዕጢ የተጠረጠረባትን ሴት አስነሣ። እስከዚያ ድረስ የአንጎልን ውስጥ ለማየት አየር በአከርካሪ በኩል መንፋት ወይም የደም ሥርን በቀለም መሙላት ግድ ነበር፤ ሁለቱም ሥቃይና አደጋ አላቸው። ምስሉ 80 በ80 ነጥብ ብቻ የያዘ ሻካራ ነገር ቢሆንም፣ ፈሳሽ የቋጠረው ክብ ጥቁር ሆኖ በግልጽ ታየ።

የ1979ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ሃውንስፊልድና ኮርማክ ተካፈሉ፤ ሁለቱም የዶክትሬት ዲግሪ አልነበራቸውም። ኦልደንዶርፍ ቀረ። ኮርማክ ግን ያ የለፋበት ስሌት ቀድሞ ተፈትቶ እንደ ነበር ያወቀው በ1970ዎቹ ነው። ዮሐን ራዶን የተባለ ኦስትሪያዊ የሒሳብ ሊቅ፣ ሕክምናን ጨርሶ ሳያስብ፣ በ1917 ላይፕሲግ ውስጥ አሳትሞት ነበር። ራዶን ቪየና ላይ ያረፈው በግንቦት 1956፣ ኮርማክ በግሩት ስኪር የጨረር ሕክምና ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ተኩል በሚመላለስባቸው በእነዚያው ወራት ነው።