ገመድ አልባ የቢሮ ስልክ (ጅዳና መካ)

ገመድ አልባ የቢሮ ስልክ በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ስልክ ማዞሪያ ላይ ተመዝግቦ፣ የራሱን የውስጥ ቁጥር ይዞ የሚሠራ የእጅ ስልክ ነው። በስፋት የሚሠራበት ደረጃ ዴክት ይባላል፤ ያወጣውም በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ተቋም ነው። የአውሮፓው ዕቃ ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ፣ የሰሜን አሜሪካው ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ስለሚጠቀሙ እርስ በርስ አይግባቡም። በሳዑዲ ዓረቢያ ከግዢ በፊት የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የፈቀደው ሞገድ መረጋገጥ አለበት።

ሲተከል፣ በማዞሪያው ላይ ለእያንዳንዱ ስልክ የውስጥ ቁጥርና የይለፍ ቃል ይከፈታል። ከዚያ ስልኮቹን በሞገድ የሚያገናኘው የሬዲዮ ጣቢያ ከኔትወርኩ ጋር ይገናኝና ለምዝገባ ክፍት ይደረጋል፤ ስልኩም የምስጢር ቁጥር ገብቶበት ይመዘገባል። ከፋብሪካ የመጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ 0000 በመሆኑ ሳይውል ሳያድር መለወጥ ይኖርበታል።

ከምዝገባው ይልቅ የሚከብደው የጣቢያ ቦታ መምረጥ ነው። ሞገዱ በገላጣ ሥፍራ እስከ 300 ሜትር፣ በሕንፃ ውስጥ ግን 50 ሜትር ያህል ብቻ ይደርሳል። በመካ፣ 601 ሜትር የሚረዝመውን የአብራጅ አል-በይት ግንብ ጨምሮ በታላቁ መስጊድ (ሐረም) ዙሪያ ባሉ ሆቴሎች፣ የኮንክሪት ወለልና የሊፍት ጉድጓድ ሞገዱን ያዳክሙታል፤ በጅዳ መጋዘኖች ደግሞ የብረት መደርደሪያ። ስለዚህ ብዙ ጣቢያዎች ይተከላሉ፤ ጊዜያቸው ካልተመሳሰለ እየተንቀሳቀሰ የሚያወራ ሠራተኛ ጥሪው ይቋረጥበታል። በሐጅ ወቅት ከፎቅ ፎቅ ለሚመላለሱ የሆቴል ሠራተኞች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ውጭ ሲደወል፣ የጅዳም የመካም የአካባቢ ኮድ 012 ነው።