የኮርያና የኢትዮጵያ የውጭ እርዳታ ሲመዛዘን

በ1951 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቃኘው ሻለቃ ጦር ፑሳን ወደብ ሲወርድ ኢትዮጵያ ለኮርያ ረጂ ነበረች። በዚያው ዓመት ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር «ፖይንት ፎር» የተባለውን የቴክኒክ እርዳታ ስምምነት ተፈራርማ ተረጂም ሆነች። ከዚህ የተነሣ በአገራችን «ኮርያ ከእኛ በታች ነበረች፤ ዛሬ ግን እርሷ ሰጪ፣ እኛ ተቀባይ ሆንን» የሚል ቁጭት ዘወትር ይሰማል። ቁጭቱ የሚገባ ነው። ነገር ግን ሁለቱ አገሮች ምን ያህል እንደ ተቀበሉና የተቀበሉትም በምን ጊዜ እንደ ደረሰ ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ ከታሪክ ይልቅ ወደ ወቀሳ ያደላል።

አስቀድመን መጠኑን እንመልከት። ከ1946 እስከ 1978 ዓ.ም. ደቡብ ኮርያ ከዩናይትድ ስቴትስ ያገኘችው የኤኮኖሚ እርዳታና ብድር ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። በዚያው ዘመን መላው አፍሪካ ከዚያው መንግሥት ያገኘው ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ በ1950 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ የተበደረችው 7 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ 5ቱ ሚሊዮን ለመንገድ ሥራ፣ 2ቱ ለልማት ባንክ ተመደበ። በወንጌል ምሳሌ እንኳ አምስት መክሊት ከተቀበለው የሚጠበቀው ትርፍ አንድ ከተቀበለው አይጠበቅም።

ይሁን እንጂ መጠን ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። በ1950ዎቹ ወደ ኮርያ ከገባው እርዳታ ብዙው ስንዴ፣ ጥጥ፣ ስኳርና ማዳበሪያ ነበር፤ ከዚህም የበለጸጉት ለመንግሥት የቀረቡ ጥቂት የፋብሪካ ባለቤቶች ነበሩ። ኮርያን የጠቀማት ከእርዳታው ጋር አብሮ የሄደው ሌላ ሥራ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ሕግ የአንድን ባለመሬት ይዞታ በ3 ሄክታር ገደማ ወስኖ የቀረውን ለአራሹ አከፋፈለ። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ አብዛኞቹ ሕፃናት ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር። የአሜሪካ ስጦታ እየቀነሰ ሲሄድም መንግሥቱ ፊቱን ወደ ውጭ ንግድ አዞረ። በ1965 ዓ.ም. ጃፓን በስጦታ 300 ሚሊዮን፣ በብድር 200 ሚሊዮን ዶላር ልትሰጥ ስትስማማ፣ የዚህ ገንዘብ ከፊሉ በ1973 ዓ.ም. ሥራ ለጀመረው የፖሃንግ ብረት ፋብሪካ ዋለ።

በኢትዮጵያም እርዳታው ፍሬ ቢስ አልነበረም። የአለማያ እርሻ ኮሌጅ በኦክላሆማ መምህራን፣ በ1954 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም በውጭ መንግሥታትና ድርጅቶች እገዛ ተቋቋሙ። ዕቅድም አልጎደለም፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የኮርያው የተጀመረው በ1962 ዓ.ም. ነው። የጎደለው መሬት ነበር። ኮሌጁ ስለ ምርጥ ዘር ቢያስተምር፣ በተለይ በደቡብ ጠቅላይ ግዛቶች ጭሰኛው ካመረተው ብዙውን ለባለመሬቱ ይሰጥ ስለነበር ምርት ለመጨመር የሚያተጋው ነገር አልነበረም። የመሬት አዋጁ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ከረጂው ጋር የነበረው ወዳጅነት እየሻከረ ሄዶ በ1979 ዓ.ም. የአሜሪካ የልማት እርዳታ ቆመ። በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. ተመልሶ የመጣው እርዳታ ለተራበ ሕዝብ የሚታደል እህል ነበር።

እንግዲህ በሁለቱ አገሮች መካከል የምናየው ዋና ልዩነት ይህ ነው። በኮርያ መሬቱ ቀደመ፤ እርዳታው አገኘው፤ ገበያው ተከተለ። በኢትዮጵያ ግን እርዳታው ሲኖር መሬቱ አልነበረም፤ መሬቱ ሲገኝ የልማት እርዳታው ሄደ።

ኮርያ በ2010 ዓ.ም. ከረጂ መንግሥታት ኮሚቴ አባልነት ደርሳ፣ ዛሬ ኢትዮጵያን ከሚረዱት አገሮች አንዷ ናት። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የልማት ድርጅት ሲዘጋ፣ ረጂ በራሱ ምክንያት እንደሚመጣና በራሱ ምክንያት እንደሚሄድ ለሁለተኛ ጊዜ አይተናል። አለማያና ጎንደር ግን ያቋቋሟቸው ሰዎች ከሄዱ በኋላም ያስተምራሉ። ስለዚህ የእርዳታን ታሪክ የሚመረምር ሰው የገባውን ገንዘብ ቆጥሮ ሳያበቃ፣ ሰጪው በሄደ ማግስት በአገሩ ሰው እጅ የቀረውንም ሊቆጥር ይገባል እንላለን።