ዕቃው ከባሕር ማዶ ሲዘገይ፦ ከድሬዳዋ ወርክሾፕ እስከ ጅቡቲ ግቢዎች

ስለ ማኅበሩ አመሠራረትና ስለ ዕድራችን ከእኔ የተሻሉ ሰዎች እንደሚጽፉ ስለማውቅ፣ እኔ የምተዳደርበትን ሙያ መረጥኩ። ሥራዬ በዚህ ከተማ የመኪና መለዋወጫ መሸጥ ነው። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለሚሸጠው ዕቃ ሳይሆን ስለማይገኘው ዕቃ ነው። ዕቃ ሲጠፋ በእጃቸው ሠርተው ያሮጠ መኪና ያስነሱ ወገኖች ነበሩን፤ ጥቂቶቹ ዛሬም አሉ። የእነሱ ሙያ ከየት መጣ? ለምንስ እንዲጠፋ መፍቀድ የለብንም? ቁም ነገሩ ይህ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እዚህ እንደለመድነው በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሐዲዱ ትምህርት ቤት

እንደሚታወቀው ጅቡቲንና አገራችንን በብረት ያስተሳሰረው ባቡሩ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ሜዳው ላይ ደረሰ፤ ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከተራራው ሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፣ ድሬዳዋም ተባለ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። መስመሩ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር።

ብዙ ሰው ስለ ባቡሩ ሲያወራ ስለ ጣቢያው፣ ስለ ሸቀጡና ስለ ተሳፋሪው ያወራል። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የድሬዳዋው የጥገና ወርክሾፕ ነው እላለሁ። ባቡር በበረሃ ሲሄድ አሸዋው ኩሽኔታውን ይበላዋል፣ ሙቀቱ ብረቱን ያደክመዋል። የተበላሸ ዕቃ ሁሉ ከፈረንሳይ በመርከብ ይምጣ ቢባል ባቡሩ ወራት ሊቆም ነው። ስለዚህ በወርክሾፑ ቶርኖ፣ መሰርሰሪያና የብረት መላጊያ ማሽኖች ተተክለው ያረጀው ክፍል ተለክቶ እዚያው በአዲስ ይሠራ ነበር። ባቡሩ በ1950ዎቹ ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ ሲሸጋገርም ሥራው ዓይነቱን ለወጠ እንጂ አልቀረም። የእኛ አባቶች እንደ ረዳት ገብተው፣ አይተው፣ ለክተው፣ ኋላ ራሳቸው ባለሙያ ሆነው ወጡ። ብዙዎቹ ወይም ልጆቻቸው ሐዲዱን ተከትለው ወደዚህ ወርደው ጋራዥ ከፈቱ፣ ወደብ ተቀጠሩ፣ ወይም በግቢያቸው ጥላ ሥር ሞርሳ ተክለው ሠሩ።

ባሕሩ የተዘጋባቸው ጊዜያት

ጅቡቲ የወደብ ከተማ ናት፤ ዕቃ የሚጠፋባት አትመስልም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1940 እስከ 1942 መጨረሻ፣ የጅቡቲ አስተዳደር ለቪሺ መንግሥት ስላደረ እንግሊዞች ከተማዋን ከበቡ፤ ሕዝቡ ለእህል እንኳ ተቸገረ፤ ስለ መለዋወጫ ማን ያስባል!

ሁለተኛው ጊዜ የሱዌዝ ቦይ መዘጋት ነው። ከሰኔ 1967 እስከ ሰኔ 1975፣ ድፍን ስምንት ዓመት፣ ከማርሴይ የሚነሳ መርከብ አፍሪካን በደቡብ ጫፍ መዞር ግዴታው ሆነ። የወደቡ ሥራ ቀዘቀዘ፣ የዕቃ ዋጋ ናረ። ሦስተኛው በ1977 እና በ1978 የኦጋዴን ጦርነት ነው፤ ጅቡቲ ነፃነቷን ባወጀችበት በዚያው ዓመት የባቡር መስመሩ ተቆረጠ፣ ድልድዮች ፈረሱ፣ ብዙ ወገን ተሰዶ ወደዚህ መጣ።

በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ መኪና ያለው ሰው ምርጫው ሁለት ነበር፦ መኪናውን ማቆም፣ ወይም የሚሠራለትን ሰው መፈለግ። የእጅ ሙያ የተከበረው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩም አልፏል ማለት አይቻልም፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በባብ ኤል መንደብ መርከቦች ጥቃት ሲደርስባቸው ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች እንደገና በደቡብ አፍሪካ በኩል ዞረዋል። ያዘዝነው ዕቃ ሲዘገይ ደንበኛ ፊት ቆሞ ምክንያት መስጠት ምን እንደሚመስል ነጋዴ ያውቀዋል።

የሙያው ቋንቋ

የሙያውን ታሪክ ለማወቅ የጋራዥን ወሬ ጆሮ ሰጥቶ መስማት ይበቃል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቦኮላ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቢቴ የምንለው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ላሜራም፣ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ አካል የሚሠራው ባትላሜራም እንዲሁ። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 አገራችንን ወርሮ ሲወጣ ጠመንጃውን ይዞ ሄደ፣ የጋራዥ ቃሉ ግን ቀረ። ከባቡሩ ደግሞ ፈረንሳይኛው መጣ፤ የአዲስ አበባው ለገሃር “ላ ጋር” ከሚለው እንደሆነ ልጆቻችሁን ብትጠይቋቸው የዚህ አገር ተማሪዎች ናቸውና ቶሎ ይመልሳሉ። በጅቡቲ ጋራዥ ውስጥ አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ይደባለቃሉ፤ ቦኮላው ግን በሁሉም አፍ ያው ቦኮላ ነው።

ፔጆ 404 እንደ ምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት በእኔ ግቢ የቆመችውን ፔጆ 404 ፒክ አፕ ልጥቀስ። ፔጆ 404 በ1960 የወጣች፣ በፒኒንፋሪና የተነደፈች መኪና ናት። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈች በመሆኗ በአካባቢያችን ስሟ ተተከለ። ሐረር የሄደ ሰው 404ን በታክሲነት ሳያያት አይመለስም። የቤት መኪናዋ ምርት በፈረንሳይ በ1975 ቆመ፤ ስለዚህ ዛሬ ክፍሏን በሱቄ መደርደሪያ ላይ የሚፈልግ ሰው አያገኝም።

የእኛን ከተማ መኪና ከሁሉ በፊት የሚበላው ዝገት ነው። የባሕሩ ጨውና ወበቁ ከወለሉና ከጭነት ሳጥኑ ሥር ይጀምራሉ። ከድሬዳዋ ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ለልጆቼ ያሳዩአቸው አሠራር ይህ ነው። መጀመሪያ የዛገው ተቆርጦ ይወጣል፤ ጥሩ ብረት እስኪገኝ ድረስ መቁረጥ ነው፣ በዝገት ላይ የተበየደ አይቆይም። ከዚያ በካርቶን ቅርጹ ይወሰዳል። ካርቶኑ በትክክል ከገጠመ በኋላ ነው ላሜራው ላይ የሚሰመረው፤ ላሜራ ውድ ነው፣ ካርቶን ግን ከሱቅ በነፃ ይገኛል። ማጠፊያ ማሽን ከሌለ ላሜራው በሁለት ማዕዘን ብረት መሐል በሞርሳ ተጠብቆ በእንጨት መዶሻ ቀስ እየተባለ ይታጠፋል። ሲበየድም በአንድ ወገን ጀምሮ እስከ ዳር መሄድ አይቻልም፤ አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ እዚያ እየተባለ፣ በመሐሉ እየቀዘቀዘ ይሠራል። አለዚያ ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል።

ቦኮላ ሲበላ ደግሞ ዘንጉ በካሊበር ይለካል፤ ዘንጉም እኩል ስለማያልቅ በሁለት በሦስት ቦታ ይለካል። ከዚያ የነሐስ ዘንግ ቶርኖ ላይ ታስሮ በልኩ ይወጣል፣ ለቅባት የሚሆን ስስ ክፍተት ይተውለታል። ጓርኒሲዮን በቤት የሚሠራው ወረቀቱን በራሱ በብረቱ አፍ ላይ አድርጎ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ በመምታት ነው፤ ብረቱ ራሱ ልኩን ይቆርጣል። ከአሮጌ ባሌስትራ ጥሩ መሮ ይወጣል። የጭነት መኪና ጎማ ተቆርጦ የራዲያተርና የማርሚታ ማስቀመጫ ይሆናል። ምንም አይጣልም።

ነገር ግን ሁሉ ነገር በቤት አይሠራም፤ ጋሼም አጥብቀው የሚያስተምሩት ይህንን ነው። የ404 ዲፈረንሻል በጠመዝማዛ የብረት ዘንግ የሚዞር የነሐስ ጥርስ ያለው ነው፤ ይህ ልዩ ማሽን ስለሚፈልግ ከሌላ 404 ፈልጎ መግጠም ይሻላል። የፍሬንና የመሪ ክፍል የሰው ሕይወት ስለሆነ በግምት አይሠራም። የነዳጅ ታንክም ባዶ ቢመስል በውስጡ የቀረው ጋዝ ይፈነዳል፤ ታጥቦና ውኃ ተሞልቶ ካልሆነ በቀር እሳት አይጠጋውም። ባለሙያ የሚባለው የሚሠራውንም የማይሠራውንም የሚያውቅ ነው።

ለልጆቻችን ምን እናውርስ?

ዛሬ አሮጌው ባቡር ቆሞ በ2016 እና በ2017 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከነጋድ ይነሳል። ከ1998 ወዲህ የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚህ ወደብ ስለሆነ በፒኬ 12 የሚደረደሩት ከባድ መኪኖች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ሥራ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ወጣቱ መካኒክ ዕቃ መለወጥ እንጂ ዕቃ መሥራት እየረሳ ነው። በእሱ አልፈርድም፤ ከዱባይ በሳምንት የሚመጣ ዕቃ ካለ ማን ተቀምጦ ይሞርዳል? እኔም የምኖረው ያንን ዕቃ ሸጬ ነው። ዕቃው ያልመጣ ዕለት ግን ሁላችንም የምንሮጠው ወደነዚያው ጥቂት ሽማግሌዎች ነው፤ እነሱም በየዓመቱ እያነሱ ናቸው። በልቅሶ ቤት “ወርቅ እጅ ነበራቸው” ማለት ደግ ነው፤ በሕይወት እያሉ ልጅ አጠገባቸው ማስቀመጥ ግን ይበልጣል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው፣ ከወርክሾፑ የወጡ አባቶች ዛሬ ያሉበትን ጠይቆ፣ የሚያውቁትን ከነቃሉ በድምፅና በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው፣ ዐርብ የእረፍት ቀን ስለሆነ፣ ለወንዶችም ለሴቶችም ልጆቻችን በወር አንድ ዐርብ ጠዋት የሙያ ትምህርት መጀመር ነው። ቦታ ከታጣ ግቢዬ ክፍት ነው፤ ሞርሳውም አለ፣ ላሜራውን ከሱቄ እችላለሁ። የምንጠይቀው ወላጆች ልጃቸውን በሰዓቱ እንዲልኩ ብቻ ነው።

ማኅበራችን ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ሲደርስ በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሙያው የሚጽፈው ከእነዚያ ልጆች አንዱ እንዲሆን እመኛለሁ።