ሀገር አልባው ባለድል

በጃፓን የቤዝቦል ሊግ 300 ድል በማስመዝገብ ቀዳሚ የሆነው ኳስ ወርዋሪ የጃፓን ዜጋ አልነበረም፤ እንዲያውም የየትኛውም ሀገር ዜጋ አልነበረም። ቪክቶር ስታርፊን የተወለደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916፣ በሩሲያ፣ ኒዥኒ ታጊል በተባለች የኡራል ከተማ ነው። አባቱ የዛር ጦር መኮንን ስለነበር፣ አብዮቱ ሲፈነዳ ቤተሰቡ ሳይቤሪያን አቋርጦ ወደ ማንቹሪያ ሸሸ፤ በ1925 ደግሞ በሰሜን ጃፓን፣ በሆካይዶ ደሴት፣ በአሳሂካዋ ከተማ ተጠለለ።

ቤዝቦል የቡድኑ ዕጣ በእጅጉ በወርዋሪው ክንድ ላይ የሚንጠለጠልበት ጨዋታ ነው። በቁመት ከእኩዮቹ ሁሉ የሚልቀው ስደተኛ ልጅም ገና በትምህርት ቤት ሳለ ዝናው ቶኪዮ ደረሰ። በ1934 የዮሚዩሪ ጋዜጣ ባለቤት ሾሪኪ ማትሱታሮ፣ እነ ቤብ ሩት ያሉበትን የአሜሪካ ቡድን የሚገጥም የጃፓን ቡድን ያሰባስብ ነበር። ስታርፊን ግን ትምህርቱን መቀጠል ይሻ ነበር፤ ከባለሙያዎች ጋር ከተሰለፈ በትምህርት ቤቶች ውድድር የመካፈል መብቱን ያጣል። ይሁንና አባቱ ሰው ገድሎ ታስሮ ነበርና ቤተሰቡ ከጃፓን ሊባረር እንደሚችል ተነገረው። ከቦልሼቪኮች ለሸሸ ቤተሰብ መባረር ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቶኪዮ ሄደ።

በግድ የገባበት ሙያ ታላቅ አደረገው። በ1939 ቡድኑ የቶኪዮ ጃይንትስ ካሸነፋቸው 66 ጨዋታዎች 42ቱ በስሙ ተመዘገቡ። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ዓመት የሊጉ ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። ነገር ግን በ1940፣ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ፣ የባዕድ ቃልና የባዕድ ስም በሚጠላበት ዘመን፣ ሱዳ ሂሮሺ በሚል የጃፓን ስም እንዲጫወት ተደረገ። ስሙን መለወጡም አላዳነው። በ1944 ከሜዳ ተወግዶ፣ ካሩይዛዋ በተባለ ተራራማ ሥፍራ ከሌሎች የውጭ ሰዎች ጋር በቁጥጥር ሥር ዋለ።

እዚህ ላይ የቡድን ጓደኛውን የሳዋሙራ ኤይጂን ዕጣ ማስታወስ ይገባል። በ1934 ቤብ ሩትንና ሉ ጌሪግን በውርወራው ያሸነፈው ይህ ወጣት ዜጋ ስለነበር ሦስት ጊዜ ለጦርነት ተጠራ፤ በ1944 መጨረሻ የተሳፈረባት መርከብ ሰጠመችና በ27 ዓመቱ ሞተ። አገሪቱ አንዱን ልጄ ብላ ለሞት ላከችው፤ ሌላውን ባዕድ ብላ ዘጋችበት። ከሁለቱ በሕይወት የተረፈው ባዕዱ መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ስታርፊን ወደ ጃይንትስ አልተመለሰም። ከቀድሞ አሰልጣኙ ከፉጂሞቶ ሳዳዮሺ ጋር በሌሎች ቡድኖች ተጫወተ። በ1955 ቶምቦ ዩኒየንስ ለተባለ ደካማ ቡድን ሲወረውር 300ኛውን ድል አገኘ፤ በዚያው ዓመት በ303 ድል ሜዳውን ተሰናበተ። ጥር 12 ቀን 1957 በቶኪዮ የሚነዳው መኪና ከከተማ ባቡር ጋር ተጋጭቶ በ40 ዓመቱ አረፈ። ሲሞትም የጃፓን ዜግነት አልነበረውም።

ክብሩ የመጣው ከሞተ በኋላ ነው። በ1959 ሾሪኪና ሳዋሙራ በጃፓን ቤዝቦል የክብር መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ መካከል ሆኑ፤ ስታርፊን በ1960 ተከተለ። የ1939 ድሎቹም አከራካሪ ሆነው ነበር፦ መዝጋቢዎች አሠራሩን ሲከልሱ ቁጥሩን ወደ 40 ዝቅ አድርገውት፣ በ1961 ኢናኦ ካዙሂሳ 42 ጨዋታ ካሸነፈ በኋላ ወደ 42 መለሱት። ዛሬ ክብረ ወሰኑን ሁለቱ ይጋሩታል። በአሳሂካዋም የከተማዋ ስታዲየም በስሙ ይጠራል፤ ሱዳ ሂሮሺ ተብሎ ሳይሆን ስታርፊን ተብሎ።

በሰው ሀገር የምንኖር ሁሉ ሥራችን ብቻውን ባለቤት እንደሚያደርገን ለልጆቻችን እንነግራለን። የስታርፊን ታሪክ ይህን ተስፋ አያፈርሰውም፤ ልኩን ግን ያሳያል። ጃፓን የእያንዳንዱን ጨዋታውን ውጤት እስከ መከራከር ድረስ በጥንቃቄ ቆጠረች፤ እሱን ራሱን ግን በሕይወት ሳለ ከዜጎቿ ጋር አልቆጠረችውም።